የአባዬ ቮልስና የተቃጠሉት ፊውዞች

አሮጌ መኪና ባለበት ቤት ሁሉ የማያረጅ ክርክር አለ፤ ትሸጥ ወይስ ትቆይ? በእኛ ቤት ይህ ክርክር ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። መኪናችን የ1963 ዓ.ም. ሥሪት ቮልስ ናት። አባዬ በ1972 ዓ.ም. ከሌላ ሰው እጅ ገዛት። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ተወልደን ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣነው በእሷ ነው። አሁን ደግሞ የእኔ ሦስት ልጆች የኋላ መቀመጫዋ ላይ ተደርድረው "አባባ፣ ፍጠን!" እያሉ ይጮኹባታል።

ታላቅ ወንድሜ "ትሸጥ" ባይ ነው። አባዬ መልስ አይሰጠውም፤ ተነስቶ ይወጣና መስታወቷን ይወለውላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ወንድሜ "በቃ፣ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው" አለ። አባዬ በበኩሉ "እንግዲያው ያለችውን መያዝ ነዋ" አለ። ሁለቱም ከአንድ ዜና የፈለጉትን ወሰዱ።

ባለፈው ክረምት ግን ክርክሩ መልኩን ለወጠ። ስለ መኪናዋ መሆኑ ቀርቶ ስለ አባዬ ሆነ።

መጀመሪያ የመጣው አንድ ጎረቤታችን ነው። "ጋሼ ትናንት ማታ መብራት ሳያበሩ ነው የሚነዱት። ከኋላቸው ነበርኩ፤ ለትንሽ ነው ያልገጨኋቸው" አለን። ከሳምንት በኋላ ባለሱቁ ያንኑ ደገመው። ሦስተኛዋ የሰፈራችን ሴት ደግሞ ለእማዬ በጆሮዋ ነገረቻት፤ በጆሮ የሚነገር ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ ይበልጥ ይጮኻል። አባዬ 76 ዓመቱ ነው። ወንድሜ ወዲያው ደመደመ፤ "መርሳት ጀምሯል። ሰው ሳይጎዳ ቁልፉን እንውሰድ።"

በዕድሜ የገፋ ወላጅ ያላችሁ ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ከአባት ላይ ቁልፍ መውሰድ ማለት ገበያውን፣ ለቅሶ ቤቱን፣ ማኅበሩን፣ የልጅ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣቱን አብሮ መውሰድ ነው። እኔ ከመወሰናችን በፊት እውነቱን ማወቅ ፈለግሁ። አባዬን ስጠይቀው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜያት "አብርቼ ነበር" አለኝ። በሦስተኛው ግን ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ "ረስቼ ይሆናል" አለ። አባዬ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው ስላልሆነ ከክሱ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ መልሱ ነው።

ነገሩን ያወጡት ልጆቹ ናቸው። አንድ እሑድ አመሻሽ ላይ ከአባታቸው ዘመዶች ቤት አድርሷቸው ሲመለሱ የስድስት ዓመቷ ልጄ ገና ከበር "እማዬ፣ አባባ መኪና ውስጥ የተቃጠለ ፌስታል ይሸታል" አለችኝ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ሽታው አልጠፋም ነበር፤ የሚቆረቁር፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚቀር የፕላስቲክ ሽታ። አባዬ ሲጋራ ካቆመ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ መተርኮሻው ግን አልዘጋ ብሎ ወጣ ብሏል። ሳብ ሳደርገው ውስጡ በተቃጠሉ ፊውዞች ተሞልቷል። ቆጠርኳቸው፤ 11 ናቸው።

የቮልስን ፊውዝ ላላያችሁ፤ የባቄላ ያህል የምትሆን ነገር ናት። አካሏ ሸክላ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን የብረት ንጣፍ በላይዋ ያልፋል። ነጯ 8 አምፒር፣ ቀይዋ 16 አምፒር ትችላለች። ከዚያ በላይ ሲመጣባት ንጣፏ ይቀልጥና መስመሩን ትቆርጣለች። ሥራዋ መሞት ነው፤ ሽቦው እንዳይቃጠል እሷ ትቃጠላለች። ክፉነቱ ነጯና ቀይዋ እኩል መጠን ስላላቸው አንዷ በሌላዋ ቦታ ልክክ ብላ ትገባለች።

ከመሪው አጠገብ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ወዳለው የፊውዝ ሳጥን ባትሪዬን ሳበራ 12ኛዋ ታየችኝ። በማስቲካ ብርማ ወረቀት ተጠቅልላለች።

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። "የመጨረሻዋን ማታ መንገድ ላይ ጨረስኩ" አለ። "አንድ ጎሚስታ ቤት አጠገብ የተቀመጠ ልጅ 'ለጊዜው ይሂዱበት ጋሼ' ብሎ ጠቀለለልኝ።" ከዚያ ዝም አለ። ቆይቶ "ታማለች ብላችሁ እንዳትሸጧት ነው" አለኝ። ለካ አባዬ መብራቱን ረስቶ አያውቅም። ፊውዟ ትቃጠላለች፤ ቤት ሲደርስ ይለውጣታል፤ የተቃጠለችውን መተርኮሻው ውስጥ ይደብቃታል። መኪናዋ ታማለች ከሚባል እሱ ዘንግቷል ቢባል መርጦ ነው "ረስቼ ይሆናል" ያለኝ።

ያን ማታ የባትሪዋን አንድ ገመድ ፈትቼ መኪናዋን አቆምናት። ልጆቼ የተቀመጡበት መኪና ውስጥ በብር ወረቀት የተጠቀለለ ፊውዝ ነበረ ብዬ ሳስብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወረቀቱ መብራቱን ያበራዋል፤ ያ እውነት ነው። የጠፋው ግን ጥበቃው ነው። ከዚያ ወዲያ ጉድለት ሲመጣ የሚቀልጠው ፊውዙ ሳይሆን በምንጣፉና በበሩ ሥር ተደብቆ የሚሄደው ሽቦ ይሆናል። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ብቻ በመሆኑ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እውነት ነው፣ ስትነኩት አይነዝርም። ነገር ግን ብረት ለብረት ከተገናኘ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ባንዴ ሊለቅ ይችላል፤ ሽቦ አግሎ እሳት ለማስነሳት ይህ ከበቂ በላይ ነው።

በማግስቱ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቤት ድረስ አመጣን። ሃምሳዎቹን የተሻገረ፣ ቁጥብ ሰው ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ ኪሱ ውስጥ መክተት ነበር። ቀለበት የባትሪን ጫፍና የመኪናውን ብረት በአንድ ላይ ከነካ ጣት ላይ እንዳለ ይግላል። የእኔንም አስወለቀኝ።

"ሾርት ምንድነው?" ብዬ ስጠይቀው "አቋራጭ ነው እህቴ" አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ይነሳል፣ በፊውዙ አልፎ፣ በማብሪያው አልፎ አምፖሉ ጋ ይደርሳል፤ እዚያ ሥራውን ሠርቶ በመኪናው ብረት አካል በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ያንን የብረት አካል መካኒኮቻችን "ማሳ" ይሉታል፤ እንደ ፍሬቻ፣ እንደ ፍሬንና እንደ ካንዴላ ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል ነው። ሽቦው መንገድ ላይ ሽፋኑ ከተላጠና ብረቱን ከነካ ኤሌክትሪኩ አምፖሉ ጋ መሄዱን ይተውና እዚያው በአቋራጭ ይመለሳል። የሚያቆመው ሥራ ስለሌለ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሮጣል። ፊውዙ የሚቃጠለው ያኔ ነው።

መብራት እምቢ ሲል ሁሉ ግን ሾርት አይደለም፤ ይህን መለየት ገንዘብ ያድናል። ፊውዙ ደህና ሆኖ አንዱ መብራት ብቻ ከጠፋ ወይ አምፖሉ ሞቷል ወይ ሽቦው ተቆርጧል። ፍሬን ስትረግጡ ሌላው መብራት የሚደበዝዝ፣ ፍሬቻ ስታሳዩ የኋላው መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ማሳው ዝጓል፤ አምፖሉ የተቀመጠበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቆ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። አዲስ ፊውዝ ከገባ በኋላ ወዲያው ወይም በቀናት ውስጥ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ ግን አቋራጭ አለ፣ እሱን ከመፈለግ በቀር ማምለጫ የለም።

ሰውየው ሒሳቡን በወረቀት ጻፈልኝ። ከፊት ሁለቱ ትናንሽ መብራቶች 4 ዋት፣ ከኋላ ሁለቱ ቀይ መብራቶች 5 ዋት፣ የታርጋዋ መብራት 10 ዋት። ድምሩ 28 ዋት ነው። ለ12 ቮልት ሲካፈል ከ2 አምፒር ተኩል አይደርስም። 8 አምፒር የሚችል ፊውዝ በዚህ ሊቃጠል አይችልም። "ስለዚህ ፊውዟ አልደከመችም፤ እውነቷን ነው የምትናገረው" አለ።

ሳጥኑን ሲያይ ሌላም ነገር አገኘ። የቀኝና የግራ የኋላ መብራቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፊውዝ ሊኖራቸው ሲገባ፣ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው የዛገውን መያዣ ትቶ ሁለቱንም በአንድ ፊውዝ ላይ ደርቧቸዋል። አንዷ ስትቃጠል የመኪናዋ ጀርባ በሙሉ የሚጨልመው ለዚህ ነው። የፊት ትልልቆቹ መብራቶች በሌላ ፊውዝ ስለሚሄዱ ይበራሉ። አባዬ መሪው ላይ ተቀምጦ መንገዱ በርቶ ያየዋል፤ ከኋላ ያለው ሰው ግን የሚያየው ጨለማ ነው። ጎረቤታችንም አባዬም እውነት ተናግረዋል።

ከዚያ ወደ ፍለጋው ገባ። ውድ መሣሪያ እጠብቅ ነበር። ያወጣው ግን ሁለት ሽቦ የተበየደበት አንድ የፍሬን አምፖል ነው፤ 21 ዋት። አምስቱንም አምፖሎች ከቦታቸው አወጣ። ፊውዟን ነቅሎ በእሷ ፋንታ ይህችን አምፖል በሽቦዎቿ አገናኘ። ባትሪውን መልሶ አሰረና መብራቱን እንዳበራ አዘዘኝ።

የዘዴው ብልጠት እዚህ ላይ ነው። አምፖሎቹ ሁሉ ስለወጡ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት ትክክለኛ መንገድ የለም። ስለዚህ መስመሩ ጤነኛ ከሆነ በፊውዙ ቦታ ያለችው አምፖል አትበራም። አቋራጭ ካለ ግን ቦግ ትላለች። ከ2 አምፒር በታች ብቻ ስለምታሳልፍ ሽቦ አይግልም፣ ፊውዝ አይባክንም። አምፖሏ እየበራች ሽቦውን ክፍል በክፍል መፈተሽ ነው፤ የነካችሁት ቦታ አምፖሏን ካጠፋት ወይም ካርገበገባት ሌባው እዚያ ነው። አንድ ፊውዝ ከተቃጠለ በኋላ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ እየከተቱ ከመገመት ይህ ስንት ጊዜ ይሻላል!

አባዬ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። ሰውየው አምፖሏ እንደ በራች ወደ ኋላ ሄደ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የኋላ መብራቶቿ ሽቦዎችም የሚያልፉት በዚያው ነው። ኮፈኑን ከፈተ።

"ጠፋች!" አልኩት ከውስጥ ሆኜ።

እጁ ገና ምንም አልነካም። ቆም ብሎ አሰበ። "ነይ እስቲ፣ አንቺ ዝጊው" አለኝና አምፖሏን እሱ ሊያያት ገባ። ዘጋሁት፤ በራች። ከፈትኩት፤ ጠፋች። ሦስተኛ ጊዜ ሲደግመን አባዬ ከወንበሩ ተነስቶ አጠገቤ ቆሟል።

የታርጋዋ መብራት የተሰካው ኮፈኑ ላይ ነው። ስለዚህ ሽቦዋ በማጠፊያው በኩል ከመኪናዋ አካል ወደ ኮፈኑ ትሻገራለች፤ ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ታጥፋ ትዘረጋለች። የምታልፍበት ቀዳዳ ጠርዙ ስለት ስለሆነ የላስቲክ ቀለበት ነበረው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሞተር ሙቀት ያንን ላስቲክ አድርቆ አርግፎታል። ግራጫዋ ሽቦ ባዶ ብረት ላይ ስትታሽ ኖራ ሽፋኗ ተልጧል፤ መዳቡ ያብለጨልጫል፣ ዙሪያው ቀልጦ ጠቁሯል። ልጄ የሸተታት ይህ ነው።

መጀመሪያ ላይ መዳቡ ብረቱን የሚነካው መኪናዋ የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ስትንቀጠቀጥ ብቻ ይሆናል፤ ፊውዞቹ አንዳንዴ ሦስት ቀን አንዳንዴ አንድ ምሽት የቆዩት ለዚህ ነው። ብር ወረቀቱ ከገባ በኋላ ሙቀቱ የቀረውን ሽፋን በላው። ከዚህ በፊት መኪናዋን ያየ አንድ ጋራዥ "ምንም የላትም" ብሎ የመለሳትም ስላልፈተሸ አልነበረም። የኋላ መብራቶችን ሽቦ የሚፈትሽ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ኮፈኑን ይከፍታል፤ ኮፈኑ ሲከፈት ደግሞ በሽታው ይደበቃል።

ጥገናው ከፍለጋው አጠረ። በጥቁር ፕላስተር መጠቅለል ብቻ እንደማይበቃ አስረዳን፤ የሞተሩ ሙቀት ሙጫውን ያቀልጠውና በዓመቱ ተመልሶ ይላቀቃል። የተጎዳውን ቆርጦ በዚያው ውፍረት ባለው አዲስ ሽቦ ተክቶ በሊድ በየደው፣ የፕላስቲክ ቱቦ አለበሰው። ለላስቲክ ቀለበቱ ወንድሜ ሶማሌ ተራ ተላከ፤ ሁለት ይዞ መጣ፣ "አንዱ መጠባበቂያ" ብሎ። የትሸጥ ተከራካሪ መጠባበቂያ ሲገዛ እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። የዛገው የፊውዝ መያዣም ጸድቶ ቀኝና ግራ ዳግም ተለያዩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ፤ የቤት ኤሌክትሪክ የምታውቁ ሰዎች በጀርመን መኪና ላይ በቀለም አትመኑ። ቤት ውስጥ ቡናማ ሽቦ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚመጣበት ነው። በቮልስ ላይ ግን ቡናማው ማሳ ነው። ግራጫው ደግሞ የትናንሾቹ መብራቶች መስመር ነው።

ሰውየው ዕቃውን ሊሰበስብ ሲል "ልጆቹ የት ነው የሚቀመጡት?" አለ። የኋላ መቀመጫውን አነሳው። የቮልስ ባትሪ ያለው እዚያ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ባትሪው ላይ መሸፈኛ ነበረው፤ የእኛው መቼ እንደጠፋ ማንም አያስታውስም። የመቀመጫው ሞላ የብረት ሽቦ ነው። ሦስት ልጆች ሲዘሉበት ወደ ታች ይረግባል፤ ሞላው የባትሪውን ሁለት ጫፎች ወይም አንዱን ጫፍና አካሉን ከነካ ከባትሪው እስከ መቀመጫው ጭድና ጨርቅ ድረስ ምንም ፊውዝ የለም። ይህ ቮልስ የሚያውቁ ሁሉ የሚፈሩት የታወቀ አደጋ ነው። ከእኛው ሞላ ላይ አንዱ ጠቁሮ አየሁት። የታርጋው ሽቦ ሳያስደነግጠኝ ይህ አስደነገጠኝ። በዚያኑ ቀን ወፍራም ላስቲክ በልክ ተቆርጦ ባትሪው ላይ ታሰረ፤ አሮጌ ቮልስ ያላችሁ ዛሬውኑ መቀመጫውን አንስታችሁ እዩት።

ማታ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ አባዬ ብቻውን ወጣ። እኔና ወንድሜ በወንድሜ መኪና ከኋላው ተከተልነው። በኮብልስቶኑ ወጥተን እስከ ሳሪስ አቦ ሄድን። ሁለት ቀይ መብራቶች፣ በመካከላቸው ደብዘዝ ያለ የታርጋ ብርሃን፤ ጉድጓድ ላይ ሲነጥሩ አብረው ይነጥራሉ፣ አይጠፉም። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። መብራት ላይ ስንቆም "የፍሬኑንም አየሽው? በጣም ይታያል" አለኝ። ቁልፍ ስለመውሰድ ከዚያ ወዲህ አላነሳም።

ግቢ ስንገባ አባዬ ሞተሩን አጥፍቶ ቶሎ አልወረደም። በመስኮቱ በኩል ጠጋ ስል ወንድሜ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የእሷ ተሠራ" አለኝ። "እኔን ግን ከፊት የሚመጡት መብራቶች ይበታተኑብኛል፤ ዙሪያቸው ቀለበት ይሠራል። ከፋሲካ ወዲህ ነው።"

ቀጠሮ ይዘንለታል፤ የዓይን ሐኪሙ ማክሰኞ ጠዋት ያየዋል። እስከዚያ ማታ ማታ አይነዳም፤ ይህን ያለው ራሱ ነው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። መተርኮሻውን ባዶ አድርጌ ልመልሰው ስል ደግሞ "ተዪው" አለኝና አራት አዳዲስ ነጭ ፊውዞች ከተተበት።